አፍንጫዬና የወንድሜ መርፌ

ዛሬ ስለ ትምህርት ቤት አልጽፍም። ስለ አፍንጫዬ ነው፤ አትሳቁ።

ማታር ለማስተማር ስመጣ ሽታዋን በደንብ አውቀው ነበር። ትንኝ ከከብቶቹ እንዲርቅ ማታ ማታ የሚጨሰው ኩበት፣ የባሮ ዓሣ፣ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው ጥቁር አፈር። ከዚያ አፍንጫዬ ይዘጋ ጀመር። "ጉንፋን ነው" እያልኩ ሁለት ዓመት ቆየሁ። በመጨረሻ ሽታ የሚባል ነገር ጭራሽ ጠፋ።

ሽታ ጠፋብኝ ስትል ሰው "ታድለህ፣ ከመጥፎ ሽታ ተገላገልክ" ይልሃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አምና ግን ያደረ የዓሣ ወጥ አሙቄ የአራት ዓመት ልጄን አበላኋት። ሌሊቱን ሙሉ አስመለሳት። ባለቤቴ ድስቱን ከፍታ አሸተተችና "ይሄን እንዴት ሰጠሃት?" አለችኝ። ምን ልበላት? ከዚያ ወዲህ አልሳቅኩም።

አዲስ አበባ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። "ፖሊፕ ነው" አለኝ። እንደ ወይን ፍሬ የተንጠለጠለ ለስላሳ ሥጋ ነው፤ ካንሰር አይደለም፣ ግን የሽታውን መንገድ ይዘጋል። ለጥቂት ቀን ፕሬድኒሶሎን ሰጠኝ። በአምስተኛው ቀን እህቴ ቤት ቡና ሲቆላ ሸተተኝ! በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ። ኪኒኑ ሲያልቅ ሽታውም ሄደ። ሁልጊዜ እንዳልውጠው ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል። ቀዶ ጥገናም ተደረገልኝ፤ ዓመት ሳይሞላ ተመልሶ በቀለ።

ታላቅ ወንድሜ ሚኒሶታ ነው። ይሄው በሽታ አለበት፣ ከአስም ጋር፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ነው የሚመጡት። እሱ ግን ዱፒሉማብ የሚባል ባዮሎጂክ መድኃኒት ጀመረ። አሜሪካ ለአፍንጫ ፖሊፕ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ራሱን ይወጋል። ለተማሪዎቼ እንደማስረዳው ላስረዳችሁ፦ ሥጋው ደጋግሞ የሚበቅለው ሰውነት ጠላት ሳይኖር ክተት ስለሚያውጅ ነው። አዋጁን ከሚያደርሱት መልእክተኞች ዋናዎቹ ኢንተርሉኪን 4 እና 13 ይባላሉ። ቀዶ ጥገና ሥጋውን ይቆርጣል እንጂ አዋጁን አያስቆምም። መርፌው ግን መልእክተኞቹ የሚገቡበትን በር ይዘጋባቸዋል።

ከወር በፊት ደወለልኝ። "ስማ፣ ቡናው ሸተተኝ" አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ስልኩን ስዘጋ ግን ከፋኝ። መርፌው እዚያ በወር ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ለእሱ ኢንሹራንስ ይከፍልለታል። ካቆመው ደግሞ በሽታው ሊመለስ ይችላል። የአንድ እናት ልጆች፣ አንድ ዓይነት አፍንጫ፤ የእኔ ግን በዲፕሎማ መምህር ደመወዝ የሚታከም ነው።

አሁን አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት የጨው ውሃ አጥበዋለሁ፣ የታዘዘልኝን ስፕሬይ በየቀኑ እነፋለሁ። መተንፈሱ ተሻሽሏል። ሽታው ገና ነው።

እናንተም አፍንጫችሁ ከሦስት ወር በላይ ከተዘጋ "ጉንፋን ነው" እያላችሁ እንደ እኔ አትቆዩ፤ ታዩ።

ልጄ አሁን ምግብ ሲቀርብ ቀድማ ጎንበስ ትላለች። "አባ፣ ቆይ እኔ ላሽትልህ።" አሽታ "ይበላል" ካላለች አልጎርስም።