ሄደ፥ ቀረ፥ ተመለሰ

በልጅነቴ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፥ የእንግሊዝኛ መምህራችን በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ «ጎ» የሚለውን ግስ ጽፈው ተቃራኒውን ጠየቁን። ጓደኛዬ «ካም» ብሎ ተመሰገነ። እኔ ግን እጄን አንሥቼ «ሪተርን» ብል «ስሕተት ነው፥ ተቀመጥ» ተባልሁ። በዚያ ወራት አባቴ ለሥራ ርቆ ሄዶ ነበርና፥ በቤታችን የመሄድ ተቃራኒ መመለስ ብቻ ነበር።

ዛሬ ሳስበው መምህሬም እኔም አልተሳሳትንም። ከተናጋሪው የሚርቅ ሄደ፥ ወደ ተናጋሪው የሚቀርብ መጣ ይባላል፤ ይህ የአቅጣጫ ተቃራኒ ነው። እንቅስቃሴውን ብንመለከት ግን ተቃራኒው ቆመ ነው፤ ጉዞውን ብንመለከት ተመለሰ ነው፤ ጓደኞቹ ሲነሡ በስፍራው የተገኘውን ሰው ብንመለከት ደግሞ ቀረ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ቃል የተማርሁት በኀፍረት ነው። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ሲሆን፥ በትግርኛ ሳይሄድ በቤቱ የቆየ ሰው «ተረፈ» ይባላል። የመንግሥት ሥራ በያዝሁ በመጀመሪያው ዓመት አራት ባልደረቦች ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ተላኩ፤ ደሴ ላይ የተቀበልኋቸው እኔ ነበርሁ። አንደኛው ታሞ አልጋ ያዘ፥ ሦስቱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔም ለዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ አጭር መልእክት ጻፍሁ፦ «ሦስቱ ሄዱ፤ አንዱ ተረፈ።»

ከዚያ በኋላ ስልኬን ትቼ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ወሰድሁ። መልእክቱን ያነበቡት መኪናው ገደል የገባ መሰላቸው፤ የተጓዦቹም ስልክ በተራሮቹ መካከል አልሠራ አለ። ስመለስና ስልኩን ሳነሣ ከወዲያ ጩኸት ሰማሁ፤ የአንዱ መንገደኛ ባለቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመሥሪያ ቤቱ በር ደርሳ ነበር። ነገሩን ባስረዳሁ ጊዜ አንድ አዛውንት ጸሓፊ «ልጄ፥ ሰው ከሞት ይተርፋል፤ ከመንገድ ግን ይቀራል» አሉኝ።

አዲስ አበባ ስገባ ከወይዘሮዋ ቤት ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ። ቡና አፍልታ ተቀበለችኝና «እርስዎን ይቅር ብያለሁ፤ ያችን ቃል ግን ሁለተኛ አይጻፉብኝ» አለችኝ።

እንግዲህ አማርኛ የምትማሩ ባልደረቦቼ ሆይ፥ ሰዎች ዘወትር የሚናገሩባቸው ቃላት ቀላል መስለው ያታልላሉ። «መጣ» ስንል ቆይተን ስንጠራ «ና» እንላለን፤ ትግርኛም «መጸ» ብሎ ሲያዝ «ንዓ» ይላል፤ እንግሊዝኛም የ«ጎ»ን ኀላፊ ጊዜ «ዌንት»ን ከሌላ ግስ ተውሷል። «ቀረ»ም ጥንቃቄ ይሻል፤ «ሳይሄድ ቀረ» ያልተነሣው ነው፥ «ሄዶ ቀረ» ግን ያልተመለሰው ነው። ስለዚህ ተቃራኒውን ከመጻፋችሁ በፊት፥ ጽሑፉን በወዲያ በኩል ማን እንደሚጠብቀው አስቡ።

አባቴ በሦስተኛው ዓመት ተመለሰ። መንገደኛን የሚመርቁ ሽማግሎቻችን «ወጥቶ ከመቅረት ይሰውራችሁ» የሚሉት ለምን እንደ ሆነ እኔ ከመዝገበ ቃላት በፊት ከእናቴ ፊት ተምሬዋለሁ።