ምሳን የተካው ስኳር

ሐኪሟ የምርመራውን ወረቀት አየችና «118» አለችው። ቁርስ ሳይበላ በጠዋት ከተወሰደ ደም የተገኘ ቁጥር ነው። ከ100 በታች ቢሆን ጤነኛ ይባል ነበር። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ቢረጋገጥ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ይባላል። እሱ መሃል ላይ ነው። «ገና አልያዘዎትም፤ ግን ወደዚያው እየሄዱ ነው» አለችው።

ሰውየው 41 ዓመቱ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ያሽከረክራል። አባቱ በዚሁ ሕመም መጀመሪያ የእግር ጣቶቻቸውን፣ ከዚያ የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው ነው ያረፉት። «ወደዚያው» የተባለው ወዴት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

መኪናው ውስጥ ገብቶ የትናንት ውሎውን ቆጠረ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሻይ በዳቦ፤ 3 ማንኪያ ስኳር። ረፋዱ ላይ ማኪያቶ፤ 2። ቀትር ላይ ሻይ በቦንቦሊኖ፤ 3። 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሲጥለው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ። አመሻሹ ላይ ሌላ ማኪያቶ፤ 2። ማታ ቤት ሁለት ብርጭቆ ሻይ፤ 6። በአንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮላ ውስጥ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። ሲደመር 24 ማንኪያ፣ ወደ 100 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ የተሻለ ነው ያለው መጠን ለአንድ አዋቂ በቀን 25 ግራም አካባቢ፣ ማለትም 6 ማንኪያ ነው። ሰውየው የአራት ሰው ድርሻ ለብቻው እየጠጣ ነበር። የቦንቦሊኖው ስኳር እንኳ አልተቆጠረም።

ያን ቀን «በቃኝ» አለ። ነገሩም ቀላል መስሎት ነበር። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሙሉ ከሥጋና ከወተት የሚርቅ ሰው ስኳር እንዴት ያቅተዋል?

አቃተው። በሦስተኛው ቀን መገናኛ አካባቢ መንገድ ተዘግቶ ቆሞ ሳለ ራሱን አመመው፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ምንም ያላጠፋ ተሳፋሪ ላይ ጮኸ። ተሳፋሪውን እንዳወረደ ሁለት ለስላሳ በተከታታይ ጠጣ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሁለት ጊዜ ደግሞ ሞከረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰበት። በራሱ አፈረ።

ጾሙን የሚችል ሰው ስኳሩን ያልቻለው ለምን ነበር? ጾም የብቻ ሥራ አይደለም። ቤቱ ይጾማል፣ ጎረቤቱ ይጾማል፣ ምግብ ቤቱ የጾም ምግብ ያዘጋጃል፤ «ብላ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» ብሎ የሚጎተጉት የለም። ስኳርን የሚተው ሰው ግን የሚተወው ብቻውን ነው። ጾሙም ቢሆን ስኳርን አይከለክልም። እንዲያውም ማኪያቶው ሲቀር በምትኩ ሻይና ለስላሳ ስለሚበዛ፣ ሰውየው ብዙ ስኳር የሚወስደው በጾም ወራት ነበር።

መላውን ያመጣችው አንድ ማታ ሚስቱ የጠየቀችው ጥያቄ ነው። «ለመሆኑ ዛሬ ምሳ ምን በላህ?»

መልስ አልነበረውም። ሲያስበው፣ በሥራ ቀን ተቀምጦ ምሳ ከበላ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የመኪናው ዕዳ አለ። የምግብ ቤት ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል። መኪና ማቆሚያ ፈልጎ፣ አዝዞ፣ በልቶ እስኪነሳ ደግሞ ሁለት ሥራ ያመልጠዋል። ሻይና ቦንቦሊኖ ግን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አመል ነው ሲለው የኖረው ነገር ለካ ምሳው ነበር። በባዶ ሆድ የገባ ስኳር ደም ውስጥ ቶሎ ይወጣል፤ ሰውነትም ኢንሱሊን አመንጭቶ ያወርደዋል። ሲወርድ ድካሙና ረሃቡ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያኔ እጅ የሚዘረጋው ወደ ሌላ ስኳር ነው። ሰውየው ስኳሩን ሲተው በቦታው ምንም አልተካም ነበርና ረሃቡ ጣለው።

ከዚያ በኋላ የጀመረው ከስኳሩ ሳይሆን ከምሳው ነው። ማታ ማታ ራሱ ምሳ ዕቃውን ያዘጋጃል። ሐኪሟ እንጀራውም ዳቦውም ሆድ ውስጥ ገብቶ ስኳር እንደሚሆን ነግራው ስለነበር አንድ እንጀራ ብቻ ይይዛል፤ ምስሩንና ጎመኑን ግን ያበዛል። በጾም ባልሆነ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ይጨምራል። መኪናው ውስጥ የገብስና የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም። 6 ሰዓት ሲሆን ስልኩን ያጠፋና ጥላ ፈልጎ ለ20 ደቂቃ ይቆማል። ስኳሩን ደግሞ በአንዴ አልጣለውም፤ ሁለት ሳምንት ከ3 ወደ 2፣ ቀጥሎ ወደ 1፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ማንኪያ አወረደው። ከወር በላይ ቆይቶ አንድ ቀን ለስላሳ ቢቀምስ እንደ ሳል ሽሮፕ ሆነበት።

የሰዉ ነገር ግን ቀረ። የመንገድ ዳሯ ሻይ ሻጭ ፔርሙሷ ውስጥ ሻዩ ከነስኳሩ ነው የሚቀመጠው። ያለ ስኳር እንድትቀዳለት ሲጠይቃት የአቅርቦቱን ችግር አስቦላት መስሏት «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ስኳር አለ፤ አትሳቀቅ» አለችው።

ከእናቱ ጋር የነበረው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። እሳቸው ገጠር ነው ያደጉት፤ ቡናቸውን እስካሁን በጨው ነው የሚጠጡት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው፤ በሳቸው ልጅነት ስኳር ለእንግዳና ለበዓል ብቻ የሚወጣ ነገር ነበር። ልጃቸው ሲመጣ 3 ማንኪያ የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ ክብር መስጠታቸው ነው።

«እማዬ፣ ለኔ ያለ ስኳር አድርጊው» አላት።

«ልጄን በባዶ ቡና ልሸኝ? ምን በደልከኝ?»

ቁጥሩን ነገራት። እናት ማንኪያውን እንደያዙ ትንሽ ዝም አሉና «እንደ አባትህ?» አሉ። «ገና ነው፤ እንዳይሆን ነው» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ ሲመጣ የስኳሩ ዕቃ ረከቦቱ ላይ አይታይም።

ከአምስት ወር በኋላ ሲመረመር 103 ሆነ። አሁንም ከ100 በላይ ነው። ሐኪሟ «ይቀጥሉበት» አለችው እንጂ «ዳኑ» አላለችውም።

ለስላሳ መጠጥ ኤክሳይዝ ታክስ ከሚከፈልባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ስኳርም በገበያው ሲወደድና ሲጠፋ ስንት ጊዜ ታይቷል። ሆኖም የስኳር ዋጋ የቱንም ያህል ቢጨምር ከምሳ እስከረከሰ ድረስ ምሳ የሌለው ሰው ይገዛዋል። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውለው፣ ሱቅ የሚጠብቀው፣ ግንባታ ላይ ድንጋይ የሚሸከመው ሻዩን የሚያጣፍጠው ሁልጊዜ ጣፋጭ ወድዶ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው «ስኳር ቀንስ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ከምክሩ በፊት ግን ሚስቱ የጠየቀችውን መጠየቅ ይቀድማል፦ ምሳ በልተሃል?