ከጢስ ዓባይ፣ ለእናቴ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ፍኖተ ሰላም።

ፏፏቴውን ጠዋት ሄጄ አየሁት፤ በጋ ስለሆነና ውኃው ወደ መብራት ማመንጫው ስለሚጠለፍ ቀጥኗል። የድንጋዩን ድልድይ ግን አይቼ አልጠገብኩትም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው፤ ዛሬም ገበያተኛው አህያውን ጭኖ ይሻገርበታል።

ወደዚህ የመጣሁት ከደብረ ታቦር ነው። አያቴ እምዬ «የስዊስ ደም አለብን፤ ከጋፋት ሰዎች ነን» የምትለውን ነገር ልከታተል ብዬ ነበር የሄድኩት። ጋፋት ከከተማው አጠገብ ናት፤ አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ባለሙያዎቻቸውን ያሰፈሩባት። ከነሱ አንዱ ስዊሱ ቴዎፊሎስ ዋልድማየር ነበር። ባዝል አጠገብ ካለው የቅድስት ክሪሾና ሚሲዮን ወንጌል ሊሰብክ መጣ፤ ንጉሡ ግን መድፍ አሠሩት። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚያች መንደር ወጥቶ ስንት ገደልና ወንዝ እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ አሁንም እዚያው አምባው ላይ አለ።

ዋልድማየር ያገባት የንጉሡን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ነው፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የጋፋት ሰዎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ከአገር ወጡ። እሱም ሊባኖስ ገብቶ ብሩማና ላይ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በኋላም ቤይሩት አጠገብ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። የወንዶቹ ታሪክ እንዲህ አንድ በአንድ ተጽፏል። ሚስቶቻቸውንና የሚስቶቻቸውን እናቶች በሚመለከት ግን ካነበብኩት አብዛኛው «የአገሩ ሴት» ብሎ ያልፋል፤ ይህ በጣም አሳዘነኝ።

የሞሪትዝ ሆልን ቤተሰብ ተመልከቺ። እሱም ከጋፋት ሰዎች አንዱ፣ ከፖላንድ የመጣ መድፍ ሠሪ ነበር። ሚስቱ ወለተ ኢየሱስ የጀርመናዊው ሠዓሊ የዛንደር ልጅ ናት፤ እናቷ ግን የእኛው አገር ሰው። የወለተ ኢየሱስ ልጅ መቅደላ ላይ ተወልዳ ማግዳሌና ተባለች፤ ኋላ አንድ ሩሲያዊ ባላባት አገባች። ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው፤ የተቀበረውም ስዊዘርላንድ ነው። ዘሩን በአባት ብቻ ብትቆጥሪው ኢትዮጵያን ፈጽሞ አታገኚያትም።

ትናንት ድልድዩ አጠገብ ከደጋ ዳሞት የመጡ ሽማግሌ አገኘሁ። በቆመጣቸው አፈሩ ላይ እያሰመሩ ርስታቸውን ቆጠሩልኝ። ከዋናው አባት ጀመሩ፤ ሦስተኛው ላይ ሴት፣ አምስተኛው ላይ ደግሞ ሴት። «በሷ ነው ሁለቱን ጥማድ ያገኘሁት» አሉና መስመሩን በበትራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት። ጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ስለነበር የቅድመ አያታቸው ስም አልጠፋባቸውም። እኔ ጋፋት ድረስ ሄጄ ያጣሁትን ነገር እሳቸው በቃላቸው ይዘውታል!

የፈረንጆቹ ልጆች ከሄዱ የእኛ ዝምድና ምናልባት እዚህ ከቀሩት የሚስቶቻቸው እህቶች ወይም አክስቶች በኩል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እባክሽ እምዬን አረጋግተሽ ጠይቂልኝ፦ እናቷ፣ የእናቷ እናት፣ ከዚያም በላይ የምታስታውሰውን ሁሉ፤ ከነክርስትና ስማቸውና ከነተወለዱበት ደብር። ስትናገር አታቋርጫት፤ ወንድሜ ይጻፈው። እኔ ቅዳሜ ቡሬ ወርጄ ታላቅ እህቷን እጠይቃለሁ፤ ሁለቱ የሚሉትን እናስተያየዋለን።

ልጅሽ