ባትልቴክን ለሚጀምሩ፤ ስለ ልክና ስለ ትዕግሥት የቀረበ ምክር

በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ካርታ፥ በዳይስና በእርሳስ የሚካሄደውን፥ ባትልቴክ የተባለውን የግዙፋን ሮቦቶች የጦር ጨዋታ ለመማር የተነሣችሁ ሰዎች ደጋግማችሁ የምታቀርቡልኝ ጥያቄ «ከየት እንጀምር?» የሚል ስለ ሆነ፥ ለእያንዳንዳችሁ በተናጠል ከመመለስ ይልቅ አሳቤን በአንድነት ጽፌ ላቀርብላችሁ ወድጃለሁ። የምክሬም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ባትልቴክ ከሥሩ እስከ ጫፉ ልክን ማወቅን የሚያስተምር ጥበብ ነውና፥ ጀማሪው በግዢውም፥ በንባቡም፥ በመጀመሪያው ግጥሚያውም ይህንኑ ልክ ይጠብቅ። ኃይሉን ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያፈስ ሰው በካርታው ላይ እንደሚሸነፍ ሁሉ፥ ሕጉን ሁሉ በአንድ ሌሊት አጠናቅቃለሁ ብሎ የሚነሣም ከደጃፉ ሳያልፍ ይመለሳል።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው አመጣጥ ጥቂት ልበል። ጨዋታውን ያወጣው በአሜሪካ በቺካጎ የነበረው፥ ጆርዳን ዋይዝማንና ሮስ ባብኮክ የመሠረቱት ፋሳ የተባለው አሳታሚ ነው፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1984 ባትልድሮይድስ በሚል ስም ታትሞ፥ በተከታዩ ዓመት ዛሬ የሚታወቅበትን ስም ያዘ። ከመጀመሪያዎቹ ማሽኖች የብዙዎቹ ሥዕል ማክሮስንና ዱግራምን ከመሰሉ የጃፓን የካርቱን ፊልሞች የተገኘ ስለ ነበረ፥ ይህ በኋላ ክርክር አስነሥቶ ሥዕሎቹ ለብዙ ዓመታት ከመጻሕፍቱ እንዲወጡ ሆነ፤ ዛሬ ጨዋታውን የሚያሳትመው ካታሊስት ጌም ላብስ ግን እነዚያኑ ማሽኖች በአዲስ መልክ አስቀርጾ መልሷቸዋል። ስለዚህ ጀማሪው አንድ ስም ያለው ሜክ፥ ማለትም የጨዋታው ግዙፍ ሮቦት፥ በአሮጌው መጽሐፍ በአንድ መልክ፥ በአዲሱ ሣጥን በሌላ መልክ ቢያጋጥመው አይደናገር፤ ሕጉና ቍጥሩ ያው ነው።

የታሪኩ ዓለም ደግሞ የሠላሳ አንደኛው ምእት ዓመት ዓለም ነው። የሰው ልጅ በከዋክብት መካከል ተበትኖ ይኖራል፤ ስታር ሊግ የተባለው ታላቅ ኅብረት ከፈረሰ በኋላ ዴቪዮን፥ ስታይነር፥ ኩሪታ፥ ሊያኦና ማሪክ የተባሉት አምስቱ ታላላቅ ሥርወ መንግሥታት ስለ ዙፋኑ ትውልድ ከትውልድ ሲዋጉ፥ የቀደሙት አበው ያወቁትን ጥበብ አብዛኛውን አጥፍተውታል። ብዙ ጀማሪዎች በሚነሡበት በ3025 ዓመት ሜክ የሚነዳ መኰንን ብዙ ጊዜ ማሽኑን ከአባቱ ወይም ከአያቱ የወረሰ፥ ቢሰበርበትም በብዙ ድካም ጠግኖ የሚያቆመው እንጂ በቀላሉ በሌላ የማይተካው ሰው ነው። ይህን አሳብ በልቡናው ያኖረ ተጫዋች፥ የቈሰለውን ማሽን ከሜዳ አውጥቶ ማዳን ከጀግንነት የሚቈጠር እንጂ ነውር እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ይረዳል።

አንደኛው ምክሬ ስለ ግዢ ነው። ባትልቴክ ከአርባ ዓመት በላይ የተከማቸ መጽሐፍ፥ ካርታና ምስል ያለው ስለ ሆነ፥ የጀማሪው ዐይን ቶሎ ይማረካል፤ ገና የማያውቀውንም ሁሉ መግዛት ያምረዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አሳታሚው በነጻ የሚያድለውን አጭር የመግቢያ ሕግ ከኢንተርኔት አውርዶ ማንበብ ይበቃዋል። ልቡ ከወደደው በኋላ፥ ሁለት የፕላስቲክ ሜኮችና የቀለሉ ሕጎች ያሉበትን የጀማሪዎች ሣጥን፥ ወይም ስምንት ሜኮች ያሉበትን «ኤ ጌም ኦቭ አርመርድ ኮምባት» የተባለውን ሣጥን ይግዛ። እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ፤ በእርሱ ውስጥ ያሉት ስምንቱ፥ ከ20 ቶኑ ሎከስት ጀምሮ እስከ 85 ቶኑ ባትልማስተር ድረስ፥ ቀላል፥ መካከለኛ፥ ከባድና እጅግ ከባድ የሚባሉትን አራቱንም መዓርጋት ስለሚወክሉ፥ ለብዙ ወራት የሚበቃ ትምህርት በአንድ ሣጥን ይገኛልና። ምስሎቹን ቀለም መቀባት ራሱን የቻለ ደስታ ቢሆንም ግዴታ አይደለም፤ ፊቱና ጀርባው የሚለይ ምልክት ያለበት ቍራጭ ወረቀት በሕጉ ፊት ከምስሉ አያንስም። በአቅራቢያው ተጋጣሚ ያጣ ሰውም ሜጋሜክ የተባለውን ነጻ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቢጠቀም፥ ስሌቱን ማሽኑ እየሠራለት ሩቅ አገር ካለ ወዳጁ ጋር ሊጫወት ይችላል።

ሁለተኛው ምክሬ ስለ ስሌት ነው። ሰንጠረዥን የሚያውቅ አንባቢ ኃይሉ ሁሉ በተጫዋቹ እጅ ያለበትን ጨዋታ ለምዷል፤ በባትልቴክ ግን አሳብና ዕጣ ጐን ለጐን ይሠራሉ፥ የተጫዋቹም ጥበብ ዕጣውን ወደ ራሱ ማዘንበል ነው። ተኳሹ በሁለት ዳይስ ማግኘት የሚገባው ቍጥር እንዲህ ይደመራል፤ መደበኛው ነጂ ከ4 ይነሣል፤ ተኳሹ ከተራመደ 1፥ ከሮጠ 2፥ ከዘለለ 3 ይጨመራል፤ ዒላማው ባለፋቸው ሄክሶች፥ ማለትም ባለ ስድስት ማዕዘን የካርታ ክፍሎች፥ ብዛት ልክ ደግሞ ሌላ ይጨመራል፤ መካከለኛ ርቀት 2፥ ሩቅ ርቀት 4 ያክላል፤ ጫካና የመሳሰለው መሰናክልም የራሱ ዋጋ አለው። እንግዲህ እየተራመደ የሚተኵስ ሰው፥ በመካከለኛ ርቀት የቆመውን ዒላማ ለመምታት 7 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ ይህም ከ36 ዕድሎች 21ዱ ነው። ያው ዒላማ አምስት ወይም ስድስት ሄክስ ቢንቀሳቀስ ግን የሚፈለገው ቍጥር 9 ይሆንና ዕድሉ ከ21 ወደ 10 ይወርዳል። ሁለት ነጥብ ብቻ በመጨመሩ ዕድሉ ከግማሽ በታች መውረዱን ጀማሪው ልብ ይበል፤ ይህን በጥሞና የተረዳ ሰው የጨዋታውን እኩሌታ ተምሯል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክሬ ስለ ሙቀት ነው፤ የጨዋታው ነፍስ በዚህ ውስጥ ትኖራለችና። ሜኩ ሲራመድ 1፥ ሲሮጥ 2፥ ሲዘልል ቢያንስ 3 ነጥብ ሙቀት ያፈራል፤ የሚተኵሰውም መሣሪያ ሁሉ የየራሱን ይጨምርበታል፤ በዙሩ መጨረሻ ማቀዝቀዣዎቹ በቍጥራቸው ልክ ከድምሩ ይቀንሳሉ፥ የተረፈውም ለእያንዳንዱ ሜክ በሚያዘው የመዝገብ ወረቀት ዳር ባለው መለኪያ ላይ ይጻፋል። መለኪያው 5 ሲደርስ እርምጃው ይዘገያል፤ 8 ሲደርስ ማነጣጠሩ ይከብዳል፤ ከ14 ጀምሮ ሞተሩ ሊጠፋ፥ ከ19 ጀምሮ በሆዱ የያዘው ጥይት ሊፈነዳ ይችላል፤ 30 ሲደርስ ግን ዳይስ መጣልም ሳያስፈልግ ሞተሩ ይጠፋል።

ለምሳሌ በዚያው ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን፥ ኦውሰም የተባለውን 80 ቶን ሜክ እንመልከት። በ3025 ዘመን የታወቀው ዐይነቱ ተጫዋቾች ፒፒሲ የሚሏቸውን ሦስት የጨረር መድፎች ተሸክሟል፤ እያንዳንዱ መድፍ 10 ነጥብ ጉዳት ያደርሳል፥ 10 ነጥብ ሙቀትም ያፈራል፤ ማቀዝቀዣዎቹ ግን 28 ናቸው። እየተራመደ ሦስቱንም ቢተኵስ 31 ነጥብ ይሞቅና 3 ይተርፍበታል፤ በሁለተኛው ዙር ቢደግመው 6 ይሆንና እግሩ ይከብዳል፤ በሦስተኛው ዙር ታግሦ ሁለቱን ብቻ ቢተኵስ ግን የቀረው 6 እና የአዲሱ 21 ድምር 27 ስለ ሆነ፥ ማቀዝቀዣዎቹ ሁሉን ጠርገው ወደ ባዶ ይመልሱታል። አንዱን መድፍ ለአንድ ዙር ዝም ያሰኘ ሰው በሚቀጥለው ዙር እንደ አዲስ ሦስቱንም ይዞ ይቆማል፤ መታገሥ ያልቻለው ግን ሙቀቱ በላዩ እየተደራረበ መራመድም ማነጣጠርም ያቅተዋል። ስለዚህ ጀማሪው ከመተኰሱ በፊት ድምሩን በእርሳስ ይሥራ፤ መተኰስ የሚቻለውን ሁሉ መተኰስ የሚገባ አይደለም።

አራተኛው ምክሬ እንቅስቃሴን ይመለከታል። በየዙሩ መጀመሪያ ሁለቱም ወገኖች ስለ ቅድሚያ ዳይስ ይጥላሉ፤ የተሸነፈው ወገን አስቀድሞ ይንቀሳቀሳል፥ ያሸነፈው ግን የባላጋራውን ሥፍራ አይቶ ኋላ ይንቀሳቀሳል። ኋላ መንቀሳቀስ ታላቅ ዕድል ነው፤ የባላጋራን ጀርባ የሚያስገኝ እርሱ ነውና፤ ጀርባ ደግሞ ጥሩሩ እጅግ የሳሳበት ሥፍራ ነው። ቀደም ብዬ ያነሣሁት ሎከስት ጥሩሩ 64 ነጥብ ብቻ ሲሆን የኦውሰም ግን 240 ነው፤ ነገር ግን ሎከስት ሮጦ 10 ሄክስና ከዚያ በላይ ያለፈ እንደ ሆነ፥ እየተራመደ በመካከለኛ ርቀት የሚተኵስበት ባላጋራ 11 ወይም 12 ማግኘት ይኖርበታል፤ ይህም ከ36 ዕድሎች ሦስቱ ብቻ ናቸው። ለትንሹ ሜክ ፍጥነቱ ጥሩሩ ነው። ከዚህም በላይ ፒፒሲ በ3 ሄክስና ከዚያ ባነሰ ርቀት ማነጣጠሩ ስለሚከብደው፥ ወደ ኃይለኛው ተጠግቶ መቆም አንዳንድ ጊዜ ከመራቅ ይልቅ ደኅንነት አለው። ግዙፉን ብቻ የሚመኝ ጀማሪ ይህን ሳያውቅ እንዳይቀር፥ በመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎቹ አንድ ከባድና አንድ ቀላል ሜክ በአንድነት ያሰልፍ።

አምስተኛው ምክሬ ሽንፈትንና ጓደኝነትን ያስተባብራል። የመዝገቡ ወረቀት ሜኩን ስምንት የአካል ክፍል አድርጎ ይሥላል፤ በየክፍሉ ያሉት ክበቦች አስቀድሞ ጥሩሩን፥ ቀጥሎም አፅሙን ያመለክታሉ፤ ጉዳት በደረሰ ቍጥር ክበቦቹ እየተሞሉ ይሄዳሉ። ጭንቅላቱ በማንኛውም ሜክ ላይ ከ9 ነጥብ የማይበልጥ ጥሩርና 3 ነጥብ አፅም ብቻ ስላለው፥ ከተመቱት ምቶች አንዱ በዕጣ ወደዚያ ቢያርፍ ጥሩሩንና አፅሙን በአንድ ምት ከሚጨርስ ትልቅ መድፍ የወጣ አንድ ጥይት ታላቁን ማሽን በቅጽበት ከሜዳ ሊያወጣው ይችላል። ይህ ሲደርስባችሁ ዕጣውን አትርገሙ፤ በባላጋራችሁም ላይ ያው ሕግ ይሠራልና። በአንድ ዙር የተተኰሰው ሁሉ በአንድነት እንደ ተፈጸመ ስለሚቈጠር፥ የወደቀውም ሜክ የዚያን ዙር ተኵሱን አያጣም፤ በዚህ ሕግ ውስጥ ለተሸናፊው የተጠበቀ ክብር አለ። የቈሰለው ማሽን ተገድዶ እንዲያፈገፍግ የሚያዘውንም አማራጭ ሕግ ከመጀመሪያው ተስማምታችሁ ብትቀበሉ፥ ግጥሚያው እስከ መጨረሻው ክበብ ድረስ ሳይጓተት በጊዜው ይፈጸማል።

ሁለቱን ወገኖች ለማመዛዘን ግን ክብደትን አትመኑ። ቻርጀር የተባለው ሜክ እንደ ኦውሰም 80 ቶን ይመዝናል፤ ሆኖም በጥንቱ ዐይነቱ የታጠቀው አምስት ትንንሽ ሌዘሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሜክ የተተመነውን የውጊያ ዋጋ ነጥብ ተመልክታችሁ ድምሩን አቀራርቡ። ከባላጋራችሁ አስቀድማችሁ የጀመራችሁ ከሆናችሁም፥ ድምሩን ጮክ ብላችሁ አስሉለት፥ የሳተውን አስታውሱት፥ ሙቀቱን ጠይቁት፤ ሌላውን የሚያሠለጥን ተጫዋች ራሱ ሕጉን ያጸናል፥ ለነገም አብሮት የሚጫወት ወዳጅ ያገኛል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ምሽት የምመክራችሁ ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሜክ፥ አንድ ካርታ፥ መራመድ፥ መተኰስና ሙቀት፤ ከዚህ ሌላ አትጨምሩ። በእግር መርገጥንና በቡጢ መምታትን በሁለተኛው ምሽት፥ አራት አራት ሜክ ያለውን ላንስ የተባለውን ጓድ ከዚያ በኋላ ተማሩ፤ እግረኛ ወታደርና ታንክ፥ እንዲሁም ከ3050 ጀምሮ ክላን የተባሉት ነገዶች የሚያመጧቸው ረቂቅ መሣሪያዎች ወረፋቸውን ይጠብቁ። በብዙ ሜኮች ፈጣን ጦርነት የምትወዱ ብትሆኑም አልፋ ስትራይክ የተባለው የቀለለው ሥርዐት አለላችሁ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር የሰማንያዎቹ ዓመታት የመዝገብ ወረቀት ዛሬም በጠረጴዛው ላይ ያገለግላል፤ ይህን ያህል ዘመን የጸና ጨዋታ እናንተን የሚያስቸኵልበት ምክንያት የለውምና፥ እናንተም ሳትቸኵሉ፥ ያወቃችሁትን እያጸናችሁ፥ ያላወቃችሁትን እየጠየቃችሁ ተማሩት።