ለሰው የተስማማ፣ ለዓሣ ያልተስማማ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሳይንስ ክበባችን አኳሪየም ውኃ ነው። “ውኃ ያው ውኃ ነው፣ ምን ይጻፍለታል?” እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የቧንቧ ውኃ ውስጥ ክሎሪን የሚጨመረው ለእኛው ጤና ነው፤ ጀርም ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ውኃው እኛ ጋ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል። ዓሣ ግን እንደኛ ውኃ ጠጥቶ ብቻ አይተውም፤ የሚተነፍሰውም በውኃ ነው። ክሎሪኑ ስስ የሆነውን ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ለእኛ መድኃኒት የሆነው ለእሱ መርዝ ነው።

የትምህርት ቤታችን ጥበቃ አባባ “ውኃውን በባልዲ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት” ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ ክሎሪን እንደዚያ ሲያድር ወደ አየር ይወጣል። ችግሩ ክሎሪን ክሎራሚን የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። በአንዳንድ አገሮች ሆን ተብሎ ይጨመራል፤ ውኃው ውስጥ አሞኒያ ካለም ራሱ ይፈጠራል። እሱ በአንድ ሌሊት አይሄድም።

ባለፈው ወሰነ ትምህርት ከስድስቱ ዓሦቻችን አራቱ ውኃ በተቀየረ ማግስት ሞቱ። ያን ሰሞን ያልተወራ ወሬ የለም። አንዳንዱ “ዓይን በላቸው” አለ፤ ሌላው ተራ ደርሷት ውኃውን የቀየረችውን የአምስተኛ ክፍል ልጅ “እጇን ሳትታጠብ ነው” እያለ አማት። ልጅቷም ክበቡን ትታ ቀረች። እኔን የዓሦቹ መሞት ብቻ ሳይሆን ይሄም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዘንድሮ አዳዲሶቹ ዓሦች ከመግባታቸው በፊት በከሰል ማጣሪያ ያለፈውን ውኃ መረመርን። ከሰሉ የምድጃ ከሰል አይደለም፤ ለማጣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የሳይንስ መምህራችን ዲፒዲ የሚባል መመርመሪያ ጽላት ተውሰው አመጡልን። 10 ሚሊ ሊትር ውኃ በብልቃጥ ቀዳንና ቁጥር 1 ጽላት በእጃችን ሳንነካ ጨመርን። ክሎሪን ካለ ውኃው ወዲያው ሮዝ ይሆናል። ምንም የለም! ሁላችን አጨበጨብን። “በቃ ዓሦቹን እናስገባ!” ያለም ነበር።

መምህራችን ግን “ቆዩ፣ ገና ግማሹ ነው” ብለው እዚያው ውኃ ላይ ቁጥር 3 ጽላት አስጨመሩን። ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። ውኃው ቀስ እያለ ሮዝ ሆነ። ከቀለም ሰሌዳው ጋር ስናስተያየው 0.4 ነው። ከ0.4 ላይ የመጀመሪያው ዜሮ ሲቀነስ 0.4 ይቀራል፤ ያ ሁሉ ክሎራሚን ነው ማለት ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሽታ የሌለው፣ ኩልል ያለ ውኃ ነበራ!

ከሰሉ ክሎሪንን ቶሎ ያጠፋል፤ ለክሎራሚን ግን ጊዜ ይፈልጋል። እኛም ውኃው ጠብ ጠብ እያለ እንዲያልፍ አደረግን። በነጋታው ብልቃጡን ደጋግመን አጥበን መረመርን፤ የቁጥር 3 ቅሪት ካለ ቀጣዩን ውጤት ያበላሻል። አሁን በሁለቱም ጽላት ውኃው ጥርት እንዳለ ቀረ። ክሎራሚን ሲፈርስ የሚተወው አሞኒያም ዓሣ ይጎዳል፤ ስለዚህ ውኃውን በአንዴ ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨመርን። አዳዲሶቹ ዓሦች ይኸው ሦስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል።

የአምናዎቹ በምን እንደሞቱ አሁን ማወቅ አይቻልም፤ ውኃው ተደፍቷል። ግን እጇን አሥር ጊዜ የታጠበች ልጅም ብትሆን ክሎራሚንን በዓይኗ ልታየው አትችልም። ውኃው ሳይመረመር በሰው ላይ መፍረድ ልክ አይደለም። ይህንን ለእሷም ነግሬያታለሁ፤ ማክሰኞ ክበብ እመጣለሁ ብላኛለች።

ከእንግዲህ አኳሪየሙ አጠገብ ደብተር ተንጠልጥሏል። ውኃ የሚቀይር ተማሪ ቀኑን፣ የቁጥር 1ን ውጤት፣ የቁጥር 3ን ውጤት ይጽፋል። ሁለቱም ዜሮ ካልሆኑ ባልዲው አይነሳም። መጥታችሁ እዩት፣ ብልቃጥ መያዝ የሚፈልግም ይመዝገብ። ቸር ይግጠመን!