ጨጓራዬ ደረቴ ውስጥ ነበር

"ቲቸር ምነው ጠፉብን?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጻፋችሁልኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ መልሴ ይኸው፦ ቀዶ ጥገና አድርጌ ነው። አሁን ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ነገሩ የጀመረው ገና አዲስ አበባ ሳስተምር ነው። ያቃረኛል፣ ስበላ ደረቴን ይጨንቀኛል። ያማከርኩት ሁሉ "ጨጓራ ነው" አለኝ፤ እኔም አመንኩ። ኦሜፕራዞል በኪሴ፣ አምቦ ውሃ በእጄ፣ ስንት ዓመት! አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ባሰብኝ። ሁለት ጉርሻ ያጠግበኛል፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ሌሊት የበላሁት ተመልሶ ያንቀኛል። ድግስ ላይ ሰው ሊያጎርሰኝ ሲነሳ ስልክ የተደወለልኝ መስዬ እወጣ ነበር። ደም ማነስ ሲገኝብኝማ ባለቤቴ ካንሰር መስሏት ተደብቃ ታለቅስ ነበር።

ኢንዶስኮፒና ሲቲ ስካን ተነሳሁ። ከጨጓራዬ ግማሽ በላዩ ደረቴ ውስጥ፣ ከልቤ ጀርባ ተቀምጧል! ድያፍራምን ስንቴ ሰሌዳ ላይ እንደሳልኩላችሁ ታስታውሳላችሁ አይደል? የምግብ ቧንቧ የሚያልፍበት ያ ቀዳዳ የእኔው ሰፍቶ ጨጓራዬ ወደ ላይ ወጥቷል። ደም ማነሱም ከዚያው ነው፤ ጨጓራው በቀዳዳው ጠርዝ እየታሸ ይቆስልና ጥቂት በጥቂት ይደማል።

ድሮ ለዚህ ደረት ወይም ሆድ ይከፈት ነበር። የእኔ በላፓሮስኮፒ ተሠራ። ሆዴ ላይ 5 ትንንሽ ቀዳዳ፣ በአንዱ ካሜራ ገባ። ሆድን በጋዝ ነፍተው ጨጓራውን ወደ ቦታው አወረዱት፣ የሰፋውን ቀዳዳ ሰፉት፣ የጨጓራውን ጫፍ ደግሞ እንደ ሻርፕ በምግብ ቧንቧው ግርጌ ጠመጠሙት። ስነቃ ከሆዴ ይልቅ ያመመኝ ትከሻዬ ነው። ጋዙ ድያፍራምን ሲያስቆጣ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል፤ ነርቩ የሚመጣው ከአንገት ነውና። በ2ኛው ቀን ቤቴ ገባሁ።

አልደብቃችሁም፣ ከመወሰኔ በፊት ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ፣ ትልቅ ሲሆን የመመለስ ነገር እንዳለው ነገረኝ። ከዓመታት በኋላ በራጅ ሲታዩ ብዙዎቹ ላይ በመጠኑ ተመልሶ ይገኛል፤ ዳግም ቀዶ ጥገና የሚያስፈልጋቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ክትትል ሊበቃው ይችላል። እኔ ግን ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ መብላት ናፍቆኝ ነበር። ስለዚህ ፈረምኩ።

ሳምንታት በአጥሚትና በሾርባ አለፉ። አምቦ ውሃዬን ተሰናብቻለሁ፤ ማግሳት እንደ ድሮው አይሆንም። ባለፈው እሁድ ባለቤቴ ሽምብራ የምታክል ሽሮ በእንጀራ አጎረሰችኝ። ቀስ ብዬ አላመጥኩና ወረደ። ሁለታችንም አለቀስን።

አደራ፣ "ጨጓራ ነው" ብላችሁ እንደ እኔ ዓመታት አትቀመጡ። መዋጥ ካስቸገራችሁ፣ ስትበሉ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ ካለባችሁ ተመርመሩ። ወላጆቻችሁንም ጠይቁልኝ፤ እነሱ ችለው ዝም ይላሉ።

ቲቸራችሁ ነኝ።