ሃያ አምስት ሎሚ

የስብስብ አልበም ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ ነጋዴ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝበት የከረመ ዕቃውን አራግፎ፣ አዲስ ሽፋን አልብሶ የሚያወጣ ነጋዴ። ቤል ኤንድ ሰባስቲያን የተባለው የግላስጎው ባንድ እ.ኤ.አ. በ2005 በ2 ሲዲ ያወጣውን ስብስብም ያነሳሁት በዚሁ ጥርጣሬ ነበር። ርዕሱ «ፑሽ ባርማን ቱ ኦፕን ኦልድ ውንድስ» ይላል፤ የድሮ ቁስል እንዲከፈት መጠጥ ቀጂውን ግፋው እንደ ማለት ነው።

ባንዱ የትልቅ ኩባንያ ልጅ አይደለም። ዜማ ደራሲው ስቱዋርት መርዶክ አቅም በሚነሳ የድካም ሕመም ምክንያት ለዓመታት ከሥራ ርቆ ከቆየ በኋላ ነው ባንድ ያቋቋመው። የመጀመሪያ አልበማቸው «ታይገርሚልክ» በ1996 በስቶው ኮሌጅ የሙዚቃ ትምህርት ክፍል አማካይነት በ1,000 ሸክላ ብቻ ታተመ። ከዚያ በኋላ ጂፕስተር የተባለ አነስተኛ አሳታሚ ያዛቸው። ኢንዲ ፖፕ የሚባለውም በእንዲህ ያሉ ትንንሽ አሳታሚዎች ቤት ያደገው ለስላሳ ዜማ ነው።

ስብስቡ የተለቀመው ከኢፒዎች ነው። ኢፒ ከነጠላ ዘፈን የሚበልጥ፣ ከአልበም የሚያንስ፣ ሦስት አራት ዘፈን የሚይዝ ሸክላ ወይም ሲዲ ነው። ባንዱ ከ1997 እስከ 2001 ድረስ 7 ኢፒዎች አወጣ፤ 3ቱ በ1997 ብቻ። ሌላው ባንድ እንዲህ ያለውን አጭር ሥራ ለአልበሙ ማስታወቂያ ያደርገዋል። እነዚህ ግን የኢፒውን ዘፈን ባብዛኛው በአልበም አይደግሙትም ነበር። ስለዚህ ተሰብስበው የወጡት 25 ዘፈኖች ትራፊ ናቸው ለማለት አይቻልም። ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ረገበ።

በምትኩ ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። በ1997 አንዱን ኢፒ የገዛ ሰው እጁ ላይ የነበረው 4 ሎሚ ነው። ቀጣዩ እስኪመጣ ያንኑ እያገላበጠ ያሸታል፤ አራተኛውን ዘፈን የመጀመሪያውን ያህል ያውቀዋል። እኔ ዘንድ የደረሰው ግን ሙሉ ሸክሙ ነው። አሥራ አምስተኛው ላይ ስደርስ ጆሮዬ ይዝልና ምንም ያልበደለኝን ዘፈን አልፌው እሄዳለሁ።

ታዲያ ስብስቡ የሰጠኝ ምንድን ነው? ቅደም ተከተሉ ይመስለኛል። አሰባሳቢው ምርጥ ምርጡን አላስቀደመም፤ ኢፒዎቹን በወጡበት ተራ ደረደራቸው። በመጀመሪያው ሲዲ ያሉት 12 ዘፈኖች በሙሉ የ1997 ናቸው። መክፈቻዎቹ 4 ከ«ታይገርሚልክ» በፊት የተቀዱ ስለሆኑ ባንዱ ገና ራሱን ሲፈልግ ይሰማል። ቀጥሎ በ«ሌዚ ላይን ፔይንተር ጄን» እንግዳዋ ድምፃዊት ሞኒካ ክዊን ከኋላ ተነስታ የመርዶክን ዓይናፋር ድምፅ ትቀድመዋለች። በሁለተኛው ሲዲ ቤቱ ይሰፋል። የ1960ዎቹን ጭፈራ የሚያስታውሰው «ሊጋል ማን» በ2000 በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ 15ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ስቱዋርት ዴቪድ ከባንዱ ወጣ፤ ቼሎ ተጫዋቿና ድምፃዊቷ ኢዞቤል ካምቤል ደግሞ በ2002።

የመጨረሻዎቹን የ2001 ዘፈኖች ስሰማ ይህ ሁሉ በልቤ አለ። ካምቤል በዚያን ጊዜ ገና የባንዱ አባል ናት፤ መሄዷን ግን እኔ አውቃለሁ። ኢፒውን በወጣበት ሳምንት የገዛ ሰው ይህን አያውቅም ነበር። እሱ ዘፈን በሰማበት ቦታ እኔ መለያየት እሰማለሁ። የእሱ ዓይነት ጥበቃ ለእኔ አልደረሰኝም፤ የእኔ ዓይነት ማወቅም ለእሱ አልደረሰውም። ከሁለታችን ማን እንደተጠቀመ መፍረድ ያስቸግረኛል።

አሁን የማዳምጠው ኢፒ በኢፒ እየቆረስኩ ነው። አራቱን ሰምቼ አጠፋለሁ። የቀረው ሎሚ ለነገ ይደር።